መናኸሪያ ላይ ይሉኝታ አያዋጣም

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ ከታክሲ እንደወረዱ ሦስት ልጆች ይከቡዎታል። አንዱ «ደሴ ነው? ሊወጣ ነው፣ ቶሎ በሉ!» እያለ ሻንጣዎን ይቀበልዎታል። ሁለተኛው ክንድዎን ይዞ መንገድ ይመራል። ሦስተኛው ምንም አይናገርም፤ ኪስዎ ውስጥ ያለው እሱ ነው። በሩ ላይ የሚጯጯኹት አብዛኞቹ ተሸካሚዎችና ደላሎች ናቸው፣ እንጀራቸው ነው። ችግሩ ሌባውም እንደነሱ ለብሶ ከመካከላቸው መቆሙ ነው።

ኪስ አውላቂ ጉልበት ብዙም አያስፈልገውም። የሚሠራው በግርግርና በይሉኝታ ነው። «ልብስዎ ላይ ቆሻሻ አለ» ብሎ በሶፍት የሚጠርግልዎትን ሰው መገፍተር ነውር ይመስልዎታል። «እናቴ ታማብኝ ነው፣ አንዴ አስደውሉኝ» የሚልን መከልከል ጭካኔ ይመስልዎታል። ከእግርዎ ሥር ቀለበት አንስቶ «ወርቅ ነው፣ እንካፈል» የሚለው ግን ከይሉኝታ ይልቅ በስግብግብነታችን ስለሚሠራ፣ ለእሱ የተሸነፈ ሰው ሲያወራው እንኳ አይሰማም። ሦስቱንም የሚያያይዛቸው አንድ ነገር ነው፦ ከሰዎች ሁሉ መርጦ ወደ እርስዎ የመጣው እንግዳው ነው፤ እርስዎ አልጠሩትም።

እኔ የተበላሁት በመኪና በር ነው። ታፔላ ያልሰቀለ ሚኒባስ አጠገቤ ቆመና «ጋቢና ግባ» አሉኝ። ገባሁ። ሾፌሩ «በሩ ላልቷል፣ በደንብ ሳበው» አለኝ፤ ሳብኩ። «አልገጠመም፣ በሁለት እጅህ!» አለኝ፤ በሁለት እጄ ሳብኩ። ከኋላ የተቀመጠው ሰውዬም ሊያግዘኝ ጎንበስ አለ፣ እንዲያውም አመሰገንኩት። ብዙም ሳንርቅ «ወደፊት ትራፊክ አለ፣ እዚህ ውረድ» ብለው አወረዱኝ። ሒሳብ እንኳ አልተቀበሉኝም። አዲስ አበባ ውስጥ ነጻ ታክሲ እንደሌለ ትዝ ያለኝ ስልኬን ከኪሴ ሳጣው ነው።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ልማድ ቀላል ነው። የማላውቀው ሰው ሁለት እጄን በሥራ ከያዘብኝ፣ ወይም ዓይኔን ወደ አንድ ነገር ከጠራው፣ መጀመሪያ እጄ ወደ ኪሴ ይሄዳል። በሩ ይቆያል፣ ቆሻሻውም አይገድልም። ቅን ሰው በዚህ አይቀየምም፤ ሌባ ደግሞ ቢቀየም ምን ቸገረን?

ሀገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ ከባዱ ነገር ምግብ ነው። ከጎን ከተቀመጠ ሰው ጋር ቆሎ መካፈል ባህላችን ነው፣ እኔም አልተውኩትም። ነገር ግን አደንዛዥ ነገር የተቀላቀለበት ጁስና ብስኩት በልተው፣ ሲነቁ ባዶ እጃቸውን የተገኙ ተጓዦች አሉ። ውኃዎን ራስዎ ይክፈቱ፣ የተከፈተ መጠጥ አይቀበሉ። አልፈልግም ማለት ከከበደዎት «መኪና አይስማማኝም» ይበሉ። ማንም አይጫንዎትም።

ሻንጣ ፖርቶመጋላ ላይ ከወጣ ሌላ ሻንጣ በወረደ ቁጥር ወርዶ ማየት ነው፤ ትንሽ ጓጉንቸርም አይከፋም። ብር በአንድ ቦታ አይያዝም፦ የቲኬትና የምሳው ኪስ ውስጥ፣ ቀሪው ከውስጥ ልብስ ጋር። ለመንገድ የሚበቃ ብቻ ይውጣ፣ ሰው ፊትም አይቆጠር።

ብቻዎን መሆንዎን ማንም ማወቅ የለበትም። ከመነሳትዎ በፊት ቤተሰብ ዘንድ ደውለው የመኪናውን ታርጋና የጎን ቁጥር ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ ይንገሩ። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት «ማን ይቀበልሻል?» ስትባል «ወንድሜ» ብትል ውሸቱ ማንንም አይጎዳም። ፔንሲዮን ሲይዙ በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ እንዳለው ይዩ፤ ከሌለው ሌላ ክፍል ይጠይቁ። ከተቻለ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይድረሱ።

ዛሬ ግን ከብር ቦርሳው ይልቅ ስልኩ ይብሳል፤ ቴሌብሩም የባንኩም መተግበሪያ እዚያው ነው። መኪና ሲቆም በመስኮት በኩል፣ መንገድ ላይ ደግሞ በሞተር ሳይክል መንጠቅ የተለመደ ስለሆነ፣ መስኮት አጠገብ ይዘውት አያውሩ። የስልኩን ብቻ ሳይሆን የሲም ካርዱንም መቆለፊያ ያብሩ። ሌባው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ቢከተው፣ ባንኩ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር ለእሱ ይደርሰዋልና። *#06# ሲደውሉ የሚመጣውን ባለ 15 አኃዝ ቁጥርም ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ፖሊስ ሲጠይቅዎ ያስፈልጋል።

ከተሰረቁ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በሰው ስልክ 994 ደውለው ሲሙን ያዘጉ፣ ቀጥሎ ባንክዎ (ንግድ ባንክ ከሆነ 951)፣ ቴሌብር 127፣ ፖሊስ 991። ቁጥሮቹ የጠፋው ስልክ ውስጥ ብቻ ከሆኑ አይረዱም፣ ወረቀት ላይ ይኑሩ። አዲስ ሲም ለማውጣት መታወቂያ ይጠየቃሉ፤ ስለዚህ መታወቂያዎንና ስልክዎን በአንድ ኪስ አይያዙ።