ዜሮ፦ የአንዲት ቃል ጉዞ



በቅርቡ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ከደርስ በኋላ ቀርቦ፣ «ኡስታዝ፣ ዜሮን የፈለሰፉት ሙስሊሞች ናቸው ብዬ ክፍል ውስጥ ተከራከርኩ። ልክ ነኝ?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱ በራሷ በቃሏ ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

እንግሊዝኛ «ዜሮ»ን የወሰደው ከፈረንሳይኛና ከጣሊያንኛ ነው። የጣሊያንኛው ቃል ደግሞ «ዜፊሩም» ከሚለው የላቲን ቃል እያጠረ የመጣ ነው። ይህን ቃል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1202 በሂሳብ መጽሐፉ ያሰፈረው ፊቦናቺ በመባል የሚታወቀው የፒዛው ሊዮናርዶ ነው። እርሱም በልጅነቱ፣ አባቱ ይሠራባት በነበረችው በዛሬይቱ አልጄሪያ በቢጃያ ከተማ ይህን የቁጥር ስልት ተምሯል። «ዜፊሩም» ያለው ዐረቦች «ሲፍር» የሚሉትን ነው። ትርጉሙም ባዶ ማለት ነው፤ ባዶ እጁን የቀረን ሰው ዐረቦች «ሲፍሩል የደይን» ይሉታል። «ሳይፈር» የተሰኘው ሌላው የእንግሊዝኛ ቃልም ከዚሁ ከሲፍር የተወለደ ነው። መጀመሪያ ዜሮ ማለት ነበር፤ በኋላ ግን ለምስጢር ጽሑፍ መጠሪያ ሆነ።

ሆኖም ጉዞው ዐረብኛ ላይ አያበቃም። ሲፍር «ሹንያ» የሚለው የሳንስክሪት ቃል ትርጉም ነው፤ ሹንያም ባዶ ማለት ነው። ህንዳዊው ሊቅ ብራህማጉፕታ በ628 በዜሮ የመደመርና የመቀነስን ሕግ ጽፎ ነበር። በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ ይኖር የነበረው አል-ኸዋሪዝሚም ይህን አቆጣጠር ሲያስተምር የህንዶች መሆኑን አልደበቀም።

የዜሮን ጥቅም ለመረዳት የግዕዝ ቁጥሮችን እንመልከት። አሥር «፲»፣ መቶ ደግሞ «፻» የሚል የየራሳቸው ምልክት አላቸው፤ ዜሮ ግን የለም። በዜሮ ሲጻፍ ያው አንዱ ምልክት ቦታውን እየለወጠ 1፣ 10፣ 100 ይሆናል። ባዶ ቦታን የሚጠብቅ ምልክት መገኘቱ ስሌትን ለነጋዴውም ለተማሪውም አቀለለ።

ለልጁም እንዲህ አልኩት፦ «ሙስሊም ሊቃውንት ዕውቀቱን ተቀበሉ፣ አስፋፉ፣ ለሌላው አደረሱ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ፈለሰፉ ካልክ ግን የህንዶቹን ድርሻ ወሰድክ።» ልጁ ቅር ቢለውም፣ በማግስቱ ክፍል ገብቶ ንግግሩን እንደሚያርም ቃል ገባልኝ። ወገንን መውደድ መልካም ነው፤ ሐቅን ለባለቤቱ መስጠት ግን አማና ነው።