ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ የነካሁት ካዛንቺስ፣ አንዲት ጠባብ ማሠልጠኛ ክፍል ውስጥ ነው። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን በካልሲ እንገባ ነበር፤ አቧራ ያበላሸዋል ተብሎ። ትምህርቱ ሲያበቃ አስተማሪያችን ስክሪኑን በዳንቴል ትሸፍነዋለች፤ እናቶቻችን የሳሎኑን ቴሌቪዥን እንደሚሸፍኑት። ዛሬም እንዲያ ያለ ወፍራም ሞኒተር የሆነ ቦታ ተጥሎ ሳይ አልፌው መሄድ ያቅተኛል።

ይህ ስሜት የብዙ ሰው ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1997 የአሮጌ ኮምፒውተሮች ፌስቲቫል ተጀምሯል (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእንዲህ ያሉ ዐውደ ርዕዮች ላይ ጎልማሶች በልጅነታቸው የተጫወቱበትን ማሽን ከነኬብሉ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ያበሩታል፤ ተመልካቹንም ና ንካው ይሉታል። በጣም ከሚናፈቁት መካከል ሁለቱ በ1982 የወጡ ናቸው፤ የአሜሪካው ኮሞዶር 64 እና የእንግሊዙ ዜድኤክስ ስፔክትረም። ሁለቱም ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ይገጠማሉ። ፕሮግራም የሚጫነው ብዙ ጊዜ ከተራ የሙዚቃ ካሴት ነበር፤ ካሴቱ ሲዞር የሚያሰማውን ሲጥሲጥታ ማሽኑ ወደ ዜሮና አንድ ይመነዝረዋል። አንድ ጨዋታ እስኪጫን ደቂቃዎች ያልፋሉ። ያንን ድምፅ በልጅነቱ የለመደ ሰው ዛሬ ሲሰማው ፊቱ ይፈካል።

በእኛ ከተማ ታሪኩ ሌላ መንገድ ይዟል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው መኖሪያ ቤቶች ነው፤ ኮምፒውተር ግን በቤት በኩል አልመጣልንም። በቢሮ በር ነው የገባው። እዚሁ አጠገብ ያለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1980 ፓዲስ የሚባል የልማት መረጃ ሥርዓት አቋቁሞ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኢንተርኔት አገር ሳይገባ፣ ፊዶኔት በተባለ ዘዴ ከዚያ ግቢ ኢሜይል ይላክ ነበር። አሠራሩ የፖስታ ከረጢትን ይመስላል። ኮምፒውተሩ ደብዳቤዎቹን ያጠራቅማል፣ ጨምቆ ያስራቸዋል፣ ከዚያ ሞደሙ በተራ የስልክ መስመር ውጭ አገር ደውሎ ከረጢቱን ያስረክባል፤ ለእኛ የመጣውንም ተቀብሎ ስልኩን ይዘጋል። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በ1997 ነው።

ስለዚህ እኛ ስንናፍቅ በአብዛኛው ከሌሎች ጋር ተካፍለን፣ ተራ ጠብቀን፣ በሰው ትከሻ ላይ አሻግረን ያየነውን ማሽን ነው የምንናፍቀው። ከሁሉ በላይ ግን በኔ ልብ የቀረው የራሳችን ፊደል ስክሪን ላይ ብቅ ያለበት ቀን ነው። ያ ቀን እንዴት እንደመጣ ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል።

ኮምፒውተር «ሀ»ን አያውቃትም። የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል። ኮሞዶር 64ን እንውሰድ። ይህ ማሽን በአንድ ጊዜ የሚይዘው 256 ዓይነት ምልክት ነው። እያንዳንዱ ምልክት ስምንት በስምንት በሆነ የነጥብ ሰሌዳ ላይ ይሣላል፤ ማለት 8 ባይት ይወስዳል። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231፤ 231 በ8 ሲባዛ 1,848 ባይት። ለምልክቶች የተመደበው ቦታ 2,048 ባይት ነው። ገባ! የቀሩት ግን 25 ቦታዎች ናቸው። አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ፣ አሥሩ የቁጥር ምልክቶች፣ እነ ሏ፣ ሟ፣ ቋ ሁሉ እዚያ ይጋፉ። ላቲኑ ደግሞ ጨርሶ ተባረረ፤ ማሽኑ ትእዛዝ የሚቀበለው በላቲን ሆኖ ሳለ። በዚያ ላይ በስምንት ነጥብ ስፋት «ጨ»ን ከ«ጬ» መለየት ለዓይን ፈተና ነው።

ቢሮ የገቡት አይቢኤም ፒሲና አምሳያዎቹም ከዚህ ብዙ አልተሻሉም። ከ256ቱ ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ 128 ለላቲንና ለማሽኑ ምልክቶች ተይዘዋል። በቀሩት 128 ቦታዎች 231 ፊደል አይሰፍርም። ባለሙያዎቻችን ታዲያ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ፍስሐ አጥላው አሜሪካ ሆነው በ1980ዎቹ ዳሸን የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ሠሩ። አገር ውስጥ አጋፋሪ፣ ኋላም ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ጸሐፊዎችን ከታይፕ አላቀቁ። በዊንዶውስ ዘመን የተለመደው ብልሃት ፊደላችንን በላቲኑ ቁጥር ላይ ማስቀመጥ፣ ቦታው ሲሞላም ትርፉን ወደ ሌላ ፎንት ማሻገር ነበር። ይህን የሠሩ ሰዎች ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ስማቸው በትምህርት ቤት መጻሕፍት ቢገባ ደስ ይለኛል።

ችግሩ ሁሉም በየራሱ ቁጥር መስጠቱ ነው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆናል። ነገሩ መስመር የያዘው በ1999 ነው፤ ዩኒኮድ 3.0 ለግእዝ ፊደል 345 ምልክቶችን መዘገበ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትም ዓለም 4,608 ቁጥር ናት። ከዚያ በፊት የተጻፈው የእኛ ነገር ግን፣ የስንቱ ቃለ ጉባኤና መመረቂያ ጽሑፍ፣ ቁልፉ በአሮጌው ማሽንና በአሮጌው ፎንት እጅ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነዋሪው ዕቃውን በችኮላ አነሣ። ቆራሌው ሲፒዩ በኪሎ ገዛ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያው፣ ወደ ምናለሽ ተራ ነው። ቤትዎ ውስጥ አንድ የቀረ ካለ እባክዎ ሶኬት ላይ ከመሰካትዎ በፊት ለባለሙያ ያሳዩት። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች በእርጅና ሊፈነዱ ይችላሉ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው በርሜል መሳይ ባትሪም ፈስሳ መስመሮቹን ትበላለች። ዲስኬት ከሆነ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ገፍተው ቀዳዳው እንዲታይ ያድርጉ፤ ያኔ በስሕተት አይጻፍበትም። ደጋግመውም አይሞክሩ፤ የድራይቩ ጭንቅላት ዲስኩን እየነካ ስለሚያነብ አቧራ ካለ ይቧጭረዋል። መጀመሪያ በተነበበበት ጊዜ ሙሉ ቅጂውን ያውጡ።

ባለፈው ዓመት ከእናቴ ሣጥን አንዲት ዲስኬት ወጣች። ላይዋ ላይ በእስክሪብቶ «የዕድር ደንብ» ይላል። ያ ዕድር የድሮ ሰፈራችን ነበር፤ ሰዉ ዛሬ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ፍሎፒ ድራይቭ ያለው ጓደኛዬ ጋ ወሰድናት። ሁለቴ እምቢ አለች፤ አጽድተናት በሦስተኛው ተነበበች። የመጣው የላቲን ፊደልና የነጥብ ትርምስ ነበር። ጓደኛዬ ከአንድ አሮጌ ሲዲ ፎንቱን ፈልጎ ጫነ፤ ትርምሱ አማርኛ ሆነ። ርእሱ፣ አንቀጾቹ፣ መጨረሻ ላይ የአባላቱ ስም ከነቤት ቁጥራቸው። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ቀረበችና ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች፣ ከተራ ቁጥር አንድ ጀምራ፣ ማን አሁን የት እንደሚኖር ትነግረን ጀመር።