ማንም ያላዘዘው ደንብ

በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የተቀመጠን ጸሐፊ እናስብ። ሹሙ አንድ ማኅደር አስመጥቶ አንዲት ገጽ ብቻ አንብቦ ቢመልስ፣ ጸሐፊው ማኅደሩ የተነበበበትን ቀንና ሰዓት ይመዘግባል። ሌላ ሹም ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያንኑ ማኅደር ቢጠይቅ እንደ ገና ይጽፋል። የቀለሙ ወጪስ ይሁን፤ ወረፋ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ግን ጊዜው ያልቃል።

የኮምፒዩተር የፋይል ሥርዓትም ለብዙ ዘመን የኖረው በዚሁ ልማድ ነው። ከዩኒክስ የተወረሰው ደንብ ለእያንዳንዱ ፋይል ሦስት ጊዜያት እንዲመዘገቡ ያዛል፤ እነርሱም ይዘቱ የተለወጠበት፣ እንደ ባለቤትነትና እንደ ፈቃድ ያለው መረጃው የተለወጠበት፣ እንዲሁም መጨረሻ የተነበበበት ናቸው። ጉዳቱ ያለው በሦስተኛው ነው። ማንበብ ብቻ የነበረው ሥራ መጻፍን ያስከትላልና። ሺህ ፋይል ላነበበ ሰው የሺህ ፋይሎች የንባብ ሰዓት ወደ ዲስክ ሊወርድ ነው። በሚሽከረከር ዲስክ ላይ የማንበቢያው ራስ መመላለስ ጊዜ ይፈጃል፤ በባትሪ በሚሠራ ኮምፒዩተርም ዲስኩን ዕረፍት ይነሣዋል።

መድኃኒቱ የተሰወረ አልነበረም። ኖአታይም የተባለውን ምርጫ የሚያውቅ ሰው ምዝገባውን ያስቀር ነበር። ነገር ግን አብዛኛው ተጠቃሚ ደንቡ መኖሩን እንኳ አያውቅም፤ የሚተዳደረው ሌላ ካላዘዘ በቀር በሥራ ላይ በሚውለው፣ ዛሬ ነባሪ በምንለው ደንብ ነው። ስለዚህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ከሊኑክስ ሠሪዎች አንዱ የሆነው ኢንጎ ሞልናር ነባሪው ራሱ እንዲለወጥ በብርቱ ተከራከረ። ማይክሮሶፍት በበኩሉ በዚያው ዓመት ለሕዝብ ባቀረበው ቪስታ ላይ የንባብ ሰዓት ምዝገባን በነባሪነት አስቀርቶት ነበር።

ታዲያ ሊኑክስ ለምን ፈጽሞ አላጠፋውም? የሚፈልጉት ስለ ነበሩ ነው። መት የተባለው የደብዳቤ ፕሮግራም አዲስ መልእክት መድረሱን የሚያውቀው የንባቡን ሰዓት ከለውጡ ሰዓት ጋር በማነጻጸር ነበር፤ ጊዜያዊ ፋይሎችን የሚጠርጉ ፕሮግራሞችም ያልተነበበውን ለይተው ይሰርዙበታል። የተገኘው መላ ሪልአታይም ይባላል። የንባብ ሰዓት የሚጻፈው ፋይሉ ካለፈው ምዝገባ ወዲህ ተለውጦ እንደ ሆነ፣ ወይም ምዝገባው 24 ሰዓት ያለፈው እንደ ሆነ ብቻ ነው። ደብዳቤ ጠባቂውም ጠራጊውም አልተጎዱም። በ2009 የወጣው የሊኑክስ ከርነል 2.6.30 ይህን ነባሪ አደረገው፤ በእኔ አስተያየት ከዚህ የሚሻል ስምምነት አይገኝም።

ያው 2.6.30 ግን ሌላም ነባሪ ለውጦ ነበር፤ ይኸኛው አልሰመረም። ኤክስት3 የተባለው የፋይል ሥርዓት ቀድሞ ይዘቱን በዲስክ ላይ ካሳረፈ በኋላ ነበር የመዝገቡን ለውጥ የሚያጸና። አዲሱ ነባሪ ለፍጥነት ሲባል ይህን ቅደም ተከተል ተወው። በመካከሉ መብራት ቢጠፋ፣ ፋይሉ ባለቤቱ የጻፈውን ሳይሆን በዚያ ቦታ ቀድሞ የነበረውን፣ ምናልባትም የሌላ ሰው የተሰረዘ ጽሑፍ፣ ይዞ ሊገኝ ይችላል። መብራት በድንገት በሚጠፋበት አገር የሚሠራ ሰው የዚህን ክብደት ለመረዳት ማብራሪያ አይሻም። በ2010 በወጣው 2.6.36 የቀድሞው ቅደም ተከተል ወደ ነባሪነቱ ተመለሰ።

ዛሬም በሊኑክስ ማውንት የሚለውን ትእዛዝ የሰጠ ሰው፣ ከብዙ ዲስኮች ስም አጠገብ ሪልአታይም የሚለውን ቃል ያገኛል። የንባቡን ሰዓት የሚጠቀም ፕሮግራም እንደሌለው ያረጋገጠ ባለቤት በኖአታይም ሊተካው ይችላል፤ ማረጋገጡ ግን ይቅደም።