የበዓል ምሳ፤ ከቤት ወይስ ከሆቴል?

አንባቢ ሆይ! የፋሲካ ለት ቤትዎን ቆልፈው፤ ቤተ ሰብዎን አስከትለው ከሆቴል ምሳ በልተው ያውቃሉ? እኔ በልቻለሁ። ተማሪዎቼን ስለ ባህል መከበር ሳስተምር የምውል መምህር ስለ ሆንሁ ነገሩን ብደብቀው ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን የተማርሁበትን ትምህርት ለራሴ ብቻ ማስቀረት ንፉግነት መስሎ ስለ ታየኝ እነሆ እነግርዎታለሁ።

ከሆቴል መብላት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በአዲስ አበባ በተከፈተ ጊዜ፤ እንግዳን ያለ ዋጋ አብልቶ ማሳደር ልማዱ የሆነው ሕዝብ ምግብን በገንዘብ መግዛት እንደ ነውር ቆጥሮት ነበር ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱም ይህን ለማስቀረት መኳንንቱን ይዘው ሄደው ከበሉ በኋላ ሒሳቡን ከፈሉ እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል። ያ ነውር ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዛሬ በከተማችን ያሉ ትላልቅ ሆቴሎች ለገናና ለፋሲካ ዶሮ ወጡን፤ ክትፎውን፤ ጥብሱን አሰናድተው ባለቤተ ሰቡን ይጠብቃሉ።

በ2015 ዓ.ም. እኔና ወንድሞቼ ይህን የመረጥነው ግን ለመዘነጥ አልነበረም፤ ለእናታችን አዝነን ነው እንጂ።

የዶሮ ወጥን ድካም ያየ ያውቀዋል። ዶሮው ሲበለት 12 ብልት ይወጣዋል፤ በጨውና በሎሚም ደጋግሞ ይታጠባል። ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፍና ያለ ቅባት ለብዙ ሰዓት ይማሰላል፤ በርበሬው ይቁላላል፤ ቅቤው፤ መከለሻው፤ በመጨረሻም የተቀቀለው እንቁላል ይገባል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ይህን የምትሠራው እናት ጾመኛ መሆንዋ ነው። ሁዳዴን 55 ቀን ጾማ፤ ከስቅለት ስግደት በኋላ አክፍሎት ይዛ፤ ቅዳሜ ከምድጃ ፊት ትቆማለች። የጨውን ልክ ቀምሳ አታውቀውም፤ በመዓዛውና በመልኩ ትለየዋለች እንጂ። ሌሊቱን ከቤተ ክርስቲያን ቆማ፤ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ለሌላው ታቀርባለች።

እናታችን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ስለዚህ «ዘንድሮ ድስት አይጣድም» ብለን ለመንናቸው። እሳቸውም ከአንገት በላይ «እሺ ልጆቼ» አሉን። ሌሊቱን በተገዛ ዳቦና በእንቁላል ጥብስ ገደፍን፤ ሚያዝያ 8 ቀን እኩለ ቀን ላይም ከሆቴሉ ገባን።

ምግቡን አላማውም። ወጡ የጣፈጠ፤ አስተናጋጆቹም ትሑታን ነበሩ። እናታችን ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው እንደ እንግዳ ተቀመጡ። አንድ ጊዜ ወጥ ሊያወጡልን እጃቸውን ሲሰዱ አስተናጋጁ ቀደማቸው፤ እጃቸውን መልሰው ከጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

ልባችን የተሰበረው ግን ወደ ቤት ስንመለስ ነው። ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉን። በየዓመቱ ፋሲካን የሚውሉት ከኛ ዘንድ ነበር። ማንም አይጠራቸውም፤ በሩ ክፍት ስለ ሆነ ይገባሉ። ያን ለት ከበራችን መዝጊያ ላይ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ ተንጠልጥሎ አገኘን። መጥተው፤ አንኳኩተው፤ ያመጡትን ትተው ተመልሰዋል። እናታችን ቋጠሮውን ይዘው ጥቂት ቆሙና «ቤቴ በፋሲካ ተዘጋ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ልብሳቸውን ሳይለውጡ ለቡና ከሰል አቀጣጠሉ፤ እኔንም ሽማግሌውን እንድጠራ ላኩኝ።

አንባቢ ሆይ! የሆቴል ወንበር የተቆጠረ ነው፤ ለ5 ሰው የታዘዘ ምሳም ለ5 ሰው ነው። የበዓል መሶብ ግን ያልተጠራውንም ሰው አስቦ ይቀርባል። እኛ እናታችንን ከድካም እናሳርፋለን ስንል ከእንግዳቸው ለየናቸው።

ይሁን እንጂ «እናቶች እንደ ቀድሞው ብቻቸውን በጢስ ይታፈኑ» ማለቴ አይደለም። ለባህል ተቆርቋሪ ነኝ እያለ አንድ ራስ ሽንኩርት ልጦ የማያውቅ ወንድ፤ ባህሉን የሚያስከብረው በእናቱ ጉልበት ነው። እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርሁ።

ስለዚህ ለ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ሌላ መላ መታን። ሽንኩርቱን እኔና ታናሽ ወንድሜ ዓይናችን እስኪቀላ ልጠን ከተፍን። ታላቅ ወንድሜ ዶሮውን በለተ፤ 12 መሆን የነበረበት 14 ሆነ፤ ለክቡር እንግዳ የሚቀርበው ፈረሰኛም ከሁለት ተከፈለ። እናታችን ከበርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዝዙናል፤ ይስቁብናል፤ መዓዛውን ሳብ አድርገውም «ገና ነው፤ አማስሉት» ይሉናል። ወጡ ጥቂት አረረ። ሽማግሌው ግን እንጀራ አስጨምረው በሉ።

ሆቴሉንም ጨርሰን አልተውነውም። በሳምንቱ፤ በዳግማይ ትንሣኤ፤ እናታችንን ይዘን ሄድን። ያን ጊዜ የቀረበላቸውን ሁሉ በደስታ ተመገቡ፤ ከደጃፋቸው ቆሞ የሚጠብቅ እንግዳ አልነበረምና።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። እንግዲህ የሚመጣው በዓል ሲቃረብ «ከየት እንብላ?» ከማለትዎ በፊት፤ «ሽንኩርቱን ማን ይልጣል?» ብለው ቤተ ሰብዎን ይጠይቁ።