ቱታው አለ፣ ሜዳው የታለ?

ሰሞኑን እህቴ ኮንዶሚኒየም ቡና ልጠጣ ጎራ ብዬ የ9 ዓመቱን ልጇን ቱታ ለብሶ አገኘሁት። «ዛሬ ስፖርት ነበራችሁ?» ብለው ደብተሩን አውጥቶ አሳየኝ። «የቅርጫት ኳስ ሜዳ ርዝመት 28 ሜትር፣ ስፋት 15 ሜትር» ይላል። ኳሱስ? «ኧረ ጋሼ፣ እኛ ጋ ሜዳ የለም!»

እናንተዬ! ለካ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በቪላ ግቢ ውስጥ ነው። ሰውነት ማጎልመሻ የሚባለው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ተጀምሮ ሰሌዳ ላይ ያልቃል።

ልጁ አራተኛ ፎቅ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ቆሞ ይተነፍሳል። ክፍል ውስጥ «ዱባው» ይሉታል አሉ። እህቴ ግን ጉንጩን ቆንጠጥ አድርጋ «ተመችቶታል» ትላለች። አልፈርድባትም፤ እኛ ዘንድ እናትን የሚያሳማት የከሳ ልጅ ነው። ጠዋት ሰርቪስ፣ ማታ ሰርቪስ፣ ከዚያ ሞባይል። መክሰሱ ችፕስና ለስላሳ። አንድ ጣሳ ኮላ ውስጥ 35 ግራም ያህል ስኳር አለ፤ ስምንት ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን ያንቀሳቅሱ ይላል። እኛ አባሮሽና ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ደቂቃውን ማን ቆጥሮት!

ታናናሾች ያላችሁ፣ ምዝገባ ስትሄዱ «እንግሊዝኛው እንዴት ነው?» ብቻ አትበሉ፤ «ሜዳውን አሳዩን» በሉ። ልጁንም «ክሳ» እያላችሁ አታሸማቁት፤ ይዛችሁት ውጡ። እኔ ቅዳሜ ኳስ ገዝቼ ይዤው ወረድኩ። አሥር ደቂቃ ሳንጫወት ጥበቃው «የሰው መኪና ልትሰብሩ ነው!» ብሎ አባረረን። ለእሁድ ሌላ ቦታ እየፈለግን ነው።