ሜዲካል አሲስታንት ለመማር ላሰባችሁ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ «ሲ ኤን ኤ ልማር ወይስ ሜዲካል አሲስታንት?» ጠያቂዎቹ በዲቪ ወይም በቤተሰብ አሜሪካ ከገቡ ገና ብዙ ያልቆዩ ናቸው። ለእያንዳንዱ በየግሉ ከምመልስ፣ እዚህ ሜሪላንድ በሐኪም ቢሮ ስሠራ ያየሁትን በአንድ ላይ ልጻፈው።

ሲ ኤን ኤ በብዛት የሚሠራው ነርሲንግ ሆም ወይም ሆስፒታል ውስጥ፣ አልጋ ላይ ካለ ሰው አጠገብ ነው። ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ማገላበጥ። የፌዴራል ሕጉ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቁ ግዛቶችም ብዙ ናቸው። ሜዲካል አሲስታንት ግን የተመላላሽ ታካሚ ሰው ነው። ታካሚውን ጠርቶ ያስገባል፣ ክብደት፣ ሙቀትና ግፊት ይለካል፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ጠይቆ ይመዘግባል፣ ሐኪሙ ሲያዝ ክትባት ይወጋል፣ ደም ይቀዳል፣ ኢ ኬ ጂ ያነሳል። በመሃል ስልክ፣ ቀጠሮና የኢንሹራንስ ጣጣ አለ። ደመወዙን ለጠየቃችሁኝ፣ በ2023 በመላ አሜሪካ መካከለኛው የዓመት ክፍያ 42,000 ዶላር ነበር፤ ከከተማ ከተማ ግን በጣም ይለያያል።

ትምህርት ቤት ስትመርጡ ማስታወቂያው ላይ ያለውን «በጥቂት ወር ጨርሱ» የሚል ቃል ተዉትና ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ስጨርስ የትኛውን ፈተና ለመውሰድ ብቁ እሆናለሁ? አብዛኞቹ ግዛቶች ለዚህ ሥራ የመንግሥት ፈቃድ አይጠይቁም፤ እንደ ዋሽንግተን ስቴት ያሉት ግን ይጠይቃሉ። ፈቃድ በማይጠየቅበትም ቀጣሪው ሰርተፊኬት ማየት ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ሲ ኤም ኤ እና ሲ ሲ ኤም ኤ ናቸው። የሲ ኤም ኤው ፈተና 200 ጥያቄ አለው፤ ዋናው መንገዱም ካሄፕ ወይም አቤስ በሚባሉት አካላት እውቅና ያገኘ ፕሮግራም መጨረስ ነው። ሁለተኛ፣ ክሊኒክ ውስጥ የምለማመደው ስንት ሰዓት ነው? ቦታውንስ ማን ይፈልግልኛል? እውቅና ባላቸው ፕሮግራሞች ልምምዱ ቢያንስ 160 ሰዓት ነው። ክፍያውን ጨርሰው፣ ክፍሉን ጨርሰው፣ «የምትለማመዱበትን ክሊኒክ ራሳችሁ ፈልጉ» የተባሉ ልጆች አውቃለሁ። ያ በጣም ያሳዝነኛል፤ ይህ ሥራ የሚለመደው በእጅ ነውና። ግሪን ካርድ ያላችሁ ደግሞ ብድር ከመውሰዳችሁ በፊት ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ሙሉ። በዚያ የሚጠየቀው ፔል ግራንት የሚባለው እርዳታ ተመልሶ አይከፈልም፤ ትምህርት ቤቱ ይቀበል እንደሆነ ብቻ አረጋግጡ።

ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት የክትባት ማስረጃና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ትጠየቃላችሁ። ብዙዎቻችን በሕፃንነታችን ቢሲጂ የሚባለውን የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ተወግተናል፤ በዚያ ምክንያት ክንድ ላይ የሚወጋው ምርመራ በሽታው ሳይኖር ሊያብጥ ይችላል። በደም የሚሠራው ምርመራ በቢሲጂ አይታለልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው የደሙን ጠይቁ፤ ከአላስፈላጊ ጭንቀትና ራጅ ያድናችኋል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ሐኪሙ የሚወስነው እኛ ጽፈን ባስቀመጥነው ላይ ተመሥርቶ ነው። ግፊትን ውሰዱ፤ ሁሉም ሰው ቀላል ይመስለዋል። ታካሚው አምስት ደቂቃ በጸጥታ መቀመጥ አለበት፤ ጀርባው ተደግፎ፣ እግሩ ሳይነባበር መሬት ረግጦ፣ ክንዱ በልብ ከፍታ ላይ አርፎ። መጠምጠሚያው በሹራብ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይታሰራል። እየለካችሁ አታውሩት። ለወፍራም ክንድ ጠባብ መጠምጠሚያ ካሰራችሁ ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ይወጣል። ያንን ቁጥር አይቶ ሐኪሙ መድኃኒት ቢጨምር፣ አዛውንት ታካሚ ቤታቸው ሲነሱ ራሳቸውን ስተው ሊወድቁ ይችላሉ። ደም ስትቀዱም እንዲሁ ነው። ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፖታሲየም ያለበት ኬሚካል አለ፤ የቱቦዎቹ ቅደም ተከተል ተዛብቶ ጥቂቱ ወደሚቀጥለው ቱቦ ቢገባ፣ የታካሚው ፖታሲየም ከፍ ያለ መስሎ ይታያል። በመጽሐፍ የተጠና ቅደም ተከተል ደግሞ ተራው ረዝሞ ሰው ሲቆጣ ከአእምሮ ይጠፋል፤ እጅ የለመደው አይጠፋም።

የእኛን ሰው ስትቀበሉ ከክፍል ያልተማራችሁት ብዙ ነገር ይመጣል። እማማን «ምን ያምዎታል?» ስትሏቸው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ሕመሙን ለመስማት ቁጭ ብሎ ደግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በጾም ወቅት የጠዋት የግፊት መድኃኒታቸውን ሳይውጡ የሚመጡ አሉ፤ «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» ሲባሉ «አዎ» ነው መልሱ። ጥያቄው «ዛሬ ጠዋት ውጠዋል?» መሆን አለበት። «ሁለት ሰዓት ላይ ወሰድኩ» ካሉም «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብላችሁ አጣሩ፤ በሁለቱ መካከል ስድስት ሰዓት አለ።

ከዚያ ደግሞ፣ በቋንቋቸው ስለምታናግሯቸው፣ የሚወዷችሁን ያህል ያምኗችኋል። «ልጄ፣ ግፊቴ ደህና ከሆነ መድኃኒቱን ልተወው?» ይላሉ። ልባችሁ ቢራራም መልሱ የእናንተ አይደለም። ሜዲካል አሲስታንት በሽታ አይለይም፣ መድኃኒት አያዝም፣ አቁሙም አይልም። «እማማ፣ ይህን ለዶክተሩ እነግርልዎታለሁ፣ አሁን ሲገቡ እርስዎም ይጠይቋቸው» ብላችሁ ጥያቄውን ጻፉትና ለሐኪሙ አድርሱ።

አስተርጓሚነትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አማርኛ ስለምትችሉ ብቻ «ነይ አስተርጉሚልን»፣ «ና እርዳን» ትባላላችሁ። ኦባማኬር የምንለው ሕግ ክሊኒኮች ብቃቱ ያለው አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያዛል፤ ሁለት ቋንቋ መናገር ብቻውን ብቃት ተብሎ አይቆጠርም። ፍላጎቱ ካላችሁ ክሊኒኩ የሕክምና አስተርጓሚነት ሥልጠና እንዲከፍልላችሁ ጠይቁ። እስከዚያው የካንሰር ውጤት ወይም የቀዶ ሕክምና ፈቃድ ሲሆን የስልክ አስተርጓሚ ይጠራ በሉ፤ ማንም አይቀየማችሁም።

ያያችሁትን ትምህርት ቤትና የምትኖሩበትን ግዛት ከታች ጻፉልኝ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ውሉን አብረን እናንብበው።