ወላጅ በልጁ ጨዋታ ውስጥ፦ ከአሰላ ደጋ እስከ አቦምሳ

አካላዊ እንቅስቃሴ ሲባል ብዙ ሰው የስፖርት ትጥቅ፣ ሜዳና አሠልጣኝ ወደ አእምሮው ቢመጣበትም፣ በጤና ባለሙያዎች አነጋገር ቃሉ ጡንቻ የሚያሠራውንና ጉልበት የሚጠይቀውን ማናቸውንም የሰውነት ንቅናቄ፣ ማለትም መራመድን፣ ውኃ መቅዳትን፣ መጨፈርንና መሯሯጥን ሁሉ ያጠቃልላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ አዋቂዎች ደግሞ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ቢያንስ መካከለኛ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ መካከለኛ የሚባለውም ትንፋሽን ከፍ የሚያደርግ፣ እየተነጋገሩ ሊሠሩት የሚቻል፣ እየዘፈኑ ግን የሚያስቸግር ዓይነት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ከልጁ የዕለት 60 ደቂቃ ግማሹን በሳምንት አምስት ቀን አብሮ የሚጫወት ወላጅ የራሱን 150 ደቂቃ ሳያስበው ይሞላል።

ይህ ጉዳይ በአርሲ ሲነሣ ሯጮቹን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና 10,000 ሜትር አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤት የሆነችው ደራርቱ ቱሉ፣ እንዲሁም ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የበቆጂ ልጆች ሲሆኑ፣ በአሰላ አካባቢ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደግሞ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ፣ ያንኑ መንገድ ሮጦ ይመለስ እንደነበር፣ በውድድርም ላይ ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ መሮጡ ደብተር ታቅፎ ከመሮጥ የቀረ ልማድ መሆኑ በሰፊው የታወቀ ነው። ሆኖም ከዚህ ታሪክ «ልጅን ማልዶ እያስነሡ ማስሮጥ» የሚል ትምህርት መቅዳት ስሕተት ይሆናል፤ ያ ሩጫ መድረሻ የነበረው የኑሮ ክፍል እንጂ ወላጅ በትእዛዝ ያወጣው ልምምድ አልነበረምና።

ችግሩ የሚጀምረው ኑሮው ራሱ ሲለወጥ ነው። ትምህርት ቤት ሲቀርብ፣ ባጃጅ በየበሩ ሲደርስ፣ ስልክም በልጁ እጅ ሲገባ (የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጎ ለውጦች መሆናቸው ሳይዘነጋ) ቀድሞ ሳይታሰብ ይገኝ የነበረው እንቅስቃሴ ታስቦ የሚደረግ ነገር ይሆናል። የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአቦምሳ ደግሞ የአየሩ ጠባይ ይጨመርበታል፤ ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ከአሰላና ከዚያም ከፍ ከምትለው ከበቆጂ ይልቅ ዝቅ ያለችና ሞቃታማ በመሆኗ፣ ከልጅ ጋር የሚወጣበት ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። በጨዋታ የተጠመደ ልጅ ጥማቱን ስለሚረሳ፣ ውኃ እስኪጠይቅ ሳይጠበቅ በየመሀሉ ቢሰጠው ይበጃል።

የልጅ አካል እንደ አዋቂ ረጅምና ወጥ ጥረት አይወድም፤ በድንገት ይፈነጥዛል፣ ጥቂት ያርፋል፣ ደግሞ ይነሣል። አገርኛ ጨዋታዎች ይህን ጠባይ በሚገባ ያውቁታል። በአባሮሽ አሳዳጅና ተሳዳጅ በየቅጽበቱ ሚና እየተለዋወጡ ይሮጣሉ፤ በድብብቆሽ ደግሞ የተደበቀው ትንፋሹን እየሰበሰበ ይቆይና በአንድ ጊዜ ይፈተለካል። በሰኞ ማክሰኞ፣ መሬት ላይ በተሠመሩት ቤቶች ውስጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወርውሮ በአንድ እግር እየዘለሉ ማለፍ ሚዛንን የሚያሠለጥን ከመሆኑም በላይ፣ መመሪያው ለልጆች ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን ያስፈልጋል ከሚለው አጥንትና ጡንቻን ከሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይመደባል፤ የገመድ ዝላይም እንዲሁ። ለእነዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጠጠር፣ ገመድና ጥቂት ደጃፍ ሲሆን፣ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ የሚሠራው ኳስም ገና ሲሠራ ጀምሮ አባትና ልጅን አንድ ላይ ያስቀምጣል። በእነዚህ ጨዋታዎች ልጁ አስተማሪ፣ ወላጁ ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ በሰኞ ማክሰኞ መሥመር የረገጠች እናት «ተቃጠልሽ» ስትባል ልጇ የሚያገኘው ደስታ ከየትኛውም አሻንጉሊት የሚበልጥ ይመስላል።

ክረምት ሲገባና ደጁ ሲጨቀይ ጭፈራ ቦታውን ይይዛል። ትከሻ የሚያሠራው እስክስታም ሆነ አንገትና ራስን የሚያወዛውዘው የአርሲ ኦሮሞ ጭፈራ በጠባብ ክፍል ውስጥ የሚያልብ ነው። በከተሞች ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው ዝግጅት፣ የተመረጡ ጎዳናዎችን ለሰዓታት ለተሽከርካሪ ዘግቶ ለእግረኛና ለብስክሌት ሲለቅ፣ አስፋልት ለልጅ ምን ያህል ሰፊ ሜዳ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል።

እዚህ ላይ የሁሉም ቤት ጉድለት አንድ አለመሆኑ መነገር አለበት። ቀኑን ሙሉ ውኃና እንጨት ስትሸከም ለምትውል የገጠር እናት ተጨማሪ እንቅስቃሴ መምከር ፌዝ ነው፤ እርሷ የጎደላት ዕረፍት ነውና፣ ጨዋታው የሚመለከተው ይልቁንም በወንበር ላይ የሚውለውን ሠራተኛና ነጋዴ፣ በተለይም አባትን ነው። አባትን የሚይዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ የጊዜ እጥረት ሳይሆን ይሉኝታ ነው፤ ትልቅ ሰው በአደባባይ ከልጅ ጋር ሲሯሯጥ ጎረቤት ምን ይላል የሚለው ስጋት። የሚገርመው፣ የአገሪቱ ባህል ራሱ ለዚህ ስጋት ማምለጫ አበጅቶለት ነበር። በደጋው አገር በልደት በዓል ሰሞን፣ ቆልመም ባለ ዱላ ሩር የተባለውን ኳስ እየመቱ በሚጫወቱት የገና ጨዋታ፣ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ሲጋፉ ሎሌው ጌታውን ቢነካ ቁጣ እንደማይገባ የታወቀ ደንብ ነበር፤ ጎልማሶችም ማዕረጋቸውን ከሜዳው ዳር ትተው ገብተው፣ ጨዋታው ሲያበቃ መልሰው ይይዙት ነበር።